የበረቱ በርና የድርቆሹ ክምር

ተረት ተረት!

የላም በረት!

ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ የጨሞጋ ወንዝ ከምንጩ ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወርድበት በኩል አንድ የከብቶች መንደር ነበረ። ዙሪያው በእሾህ የታጠረ ሲሆን አንድ ትልቅ በር ብቻ ነበረው። በአጥሩ ውስጥ ሁለት በረቶች ነበሩ። በላይ በረት የሚኖሩት ላሞች በየዓመቱ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ከወል ጨፌው ሣር ያሳጭዳሉ፤ አድርቀውም ከፍ ያለ ድርቆሽ ይከምራሉ። በታች በረት የሚያድሩት ደግሞ የሚያርሱት በሬዎች፣ የከሱት ላሞችና ጥጆቻቸው ናቸው። እነዚህ ክምር የላቸውም። ጠዋት ወጥተው የዕለቱን ለዕለቱ ይግጡና ማታ ይመለሳሉ። ሣሩ ሲታጨድ ከጨፌው እስከ ላይ በረት የሚጎትቱት እነርሱ ነበሩ። ክምሩ ከቆመ በኋላ ግን የማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

አንድ ዓመት በመጋቢት፣ ጨፌው ደርቆ ሣሩ ከወንዙ ዳር ብቻ በቀረበት ሰሞን፣ አንዲት አህያ ከዓባይ በረሃ ማሽላ ጭና በደጀን በኩል ወደ መንደሩ መጣች። ጭነቷን ሳታራግፍ ወሬዋን አራገፈች።

“ጉድ መጥቶላችኋል! ቆላው ውስጥ አፍተግር ገብቶ ከብቱ እያነከሰ ነው። ምላሱ ይላጣል፣ በኮቴው መሃል ውኃ ይቋጥራል፣ ለሐጩ ይዝረበረባል። የትናንቱ ጎበዝ በሬ ዛሬ መቆም አቅቶታል።”

“አንቺስ?” አሏት።

“እኔማ ደህና ነኝ። አህያ አይዝም።”

እውነቷን ነበር። ነገር ግን ከታመሙት ከብቶች ጋር ያደረችበት ጭቃ ከኮቴዋ ላይ አልረገፈም። ያንኑ ኮቴዋን ይዛ ወደ ወል ውኃው ወረደችና ከሁሉም ጋር ጠጣች። ራሱ ያልታመመ መንገደኛ በሽታ ይዞ ሊመጣ እንደሚችል ያን ቀን ልብ ያለ አልነበረም።

በማግሥቱ ከመንደሩ መሃል ባለው ዋንዛ ሥር ሸንጎ ተጠራ። መጀመሪያ የተነሣችው የላይ በረቷ እመት ቦራ ነበረች።

“ወገኖቼ፣ በሩ ይዘጋ! አፍተግር በአካል ውስጥ ተደብቆ እስከ 14 ቀን ሊቆይ ይችላል። 14 ቀን ከበረታችን ሳንወጣ ብንቆይ የታመመው ይለያል፣ ያልታመመው ይተርፋል። ሣር ደግሞ ይበቅላል። የሞተ ጥጃ ግን አይመለስም።”

ላሞቹ አጉረመረሙ፤ ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከታች በረት ወይኖ የሚባለው ወይፈን መሬቱን በኮቴው እየጫረ ተነሣ።

“እመት ቦራ፣ የተናገሩት ለእርስዎ ጥሩ ነው። እኔ ግን ከመጋቢት እስከ ሰኔ እርሻ ይጠብቀኛል። አፍተግር አዋቂ በሬ ያሳምማል እንጂ እምብዛም አይገድልም። ዛሬ በር ብንዘጋበት ነገ በሌላ መንገደኛ ይመጣል። ይልቅስ ይዞን ይለፍ፤ ለምደነው እንኑር። በፍርሃት የታሰረ ከብት በረሃብ ይሞታል።”

ይኸኛውም ንግግር ጭብጨባ አገኘ። ቀጥላ ፍየል ከድንጋይ ላይ ወጥታ፣ “አፍተግር የሚባል ነገር የለም፤ ድርቆሽ እንዲወደድ የተነዛ ወሬ ነው” አለች። ዋንዛው ላይ የተቀመጠችው ጦጣ ደግሞ ቅጠል እየበጠሰች፣ “ይህን ያኘከ በሽታው አይነካውም፤ ዋጋው ዛሬ አንድ ቁና ገብስ ነው፣ ነገ ሁለት ነው” እያለች ትሸጥ ጀመር። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን ዘጊ፣ ሌላኛው ከፋች ተባለ። ዘጊ ከፋቹን ነፍሰ ገዳይ ሲለው፣ ከፋች ዘጊውን ፈሪ አለው። ስም ከወጣ በኋላ ቃል የሚሰማ ጠፋ።

በመጨረሻ አንዲት ጊደር፣ “አያ ዳልቻ፣ አንቱስ ምን ይላሉ?” ብላ ጠየቀች።

አያ ዳልቻ የመንደሩ ሽማግሌ በሬ ነበር። ጫንቃው በቀንበር የተላጠ ነው። ቀስ ብሎ ተነሣ።

“ልጆቼ፣ ዘራችን አንድ ጊዜ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣልያን በምፅዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር የደስታ በሽታ ወደዚህ አገር ገባ። ከ10 ከብት 9ኙን ጨረሰ። ሞፈርና ቀንበር ተሰቅሎ ቀረ፤ የሚያርስ በሬ ጠፍቶ ሰው በዶማ ቆፈረ። ሕዝቡ በዶማ ማረስን እንዳይንቅ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረዋል። እኛ ስናልቅ ሰዉም ተከተለን። ዘመኑ እስከ ዛሬ ክፉ ቀን ይባላል። ለምደን እንኑር ማለት እንደዚያ ላለ በሽታ አይሠራም፤ የሚለምደውን አያስተርፍምና። ደስታ ከምድር የጠፋው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ክትባት ተገኘለት፤ ክትባቱም ሙቀት እንዲችል ሆኖ ተሠርቶ አፋር በረሃ ድረስ ተወሰደ። በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

“አፍተግር ግን ሌላ ነው። ሰባት ዓይነት አለው፤ በአንደኛው ታሞ የዳነ ከብት በሌላው ይያዛል። ድኖም በጉሮሮው ይዞት የሚከርም አለ። ዛሬ ከነጭራሹ እናጠፋዋለን ብንል አቅም የለንም። ወይኖ፣ እዚህ ላይ አንተ ልክ ነህ። ነገር ግን ይኸው በሽታ ጥጃ ሲይዝ ልቡን ይመታዋል፤ ጥጃው ከእናቱ ጡት ሥር እንደወደቀ ይቀራል። ቦራ፣ እዚህ ላይ አንቺ ልክ ነሽ። መጀመሪያ የመጣብንን በሽታ እንወቀው፤ ከዚያ በሩን እንነጋገርበት።”

ሸንጎው አደመጠ። ግን እያንዳንዱ የሰማው የራሱን ግማሽ ብቻ ነው። ዘጊዎቹ ስለ ጥጃው የተነገረውን ይዘው ሄዱ፤ ከፋቾቹም በሽታውን ማጥፋት አይቻልም የተባለውን። በድምፅ ብልጫ በሩ ለ14 ቀን እንዲዘጋ ተወሰነ።

“14 ቀን ምን ይበላል?” አለ አያ ዳልቻ።

“ሁሉም በየቤቱ ያለውን” አለች እመት ቦራ። ሸንጎው ተበተነ። በየቤቱ ምን እንዳለ ዞሮ ያየ ግን አልነበረም።

በሩ ተዘጋ። በላይ በረት ቀኑ መልካም ነበር። ላሞቹ ከክምሩ እየጎተቱ በሉ፣ ተኙ፣ አመሰኩ። በታች በረት የመጀመሪያው ቀን ከአውድማ የተረፈ ገለባ ተበላ። በሁለተኛው ቀን ገለባው አለቀ። በሦስተኛው ቀን በሬዎቹ የበረቱን ክዳን እየመዘዙ ሣሩን ይግጡት ጀመር፤ ያ ሣር የብዙ ክረምት ዝናብና ጭስ የጠጣ በመሆኑ ያሳላቸዋል እንጂ አያጠግባቸውም።

ከታች በረት ጥግ ጠይሚት የምትባል የከሳች ላም ከጥጃዋ ጋር ነበረች። በአራተኛው ሌሊት ጥጃዋ ጡቷን ደጋግሞ በግንባሩ ጎሸመው፤ አንድ ጠብታ አልወጣም። ጠይሚት ገንዳውን ላሰች። ገንዳው ከእንጨት የተቦረቦረ ነው፤ ምላሷ ያገኘው የድሮ ጨው ጣዕም ብቻ ነበር። ከዚያ ተነሥታ ወደ ላይ በረት አጥር ሄደች። በአጥሩ ቀዳዳ የድርቆሹ ሽታ መጣ።

“እመት ቦራ፣ አልተኙም?”

“ራቂ!” አለች ቦራ ደንግጣ። “አትጠጊኝ። ለአንቺም ለእኔም ስል ነው።”

“እርቃለሁ። አንድ እቅፍ ብቻ በአጥሩ ይወርውሩልኝ፤ ለጥጃዬ ወተት እንዲመጣ።”

ቦራ ክፉ ላም አልነበረችም። ከአጠገቧ የራሷ ጥጃ ተኝቷል። ክምሩን ቀና ብላ አየችና ልቧ ፈራ። “ክረምቱ እስኪገባ መድረስ አለበት፤ ከሰጠሁሽ ሌላውም ይመጣል” አለች። ጠይሚት አልመለሰችላትም።

በአምስተኛው ሌሊት የትልቁ በር መቀርቀሪያ ተሰበረ። ሲነጋ ጠይሚት ከጨሞጋ ዳር ስትግጥ ተገኘች፤ እየነዱ ሸንጎ ፊት አቆሟት።

“በሬ ሣሩን እንጂ ገደሉን አያይም ሲባል አልሰማሽም?” አሉ ዘጊዎቹ። “ለአንድ ጉርሻ ስትይ ሁላችንንም ገደል ልትከቺን ነው?”

ጠይሚት ቀና ብላ አየቻቸው። “ገደሉን ከእናንተ ቀድሜ አይቼዋለሁ። ሣሩ ያለው ግን ከገደሉ አፋፍ ላይ ብቻ ነው። ከአፋፉ የራቀ ሣር ያላችሁ እናንተ ናችሁ።”

ወይኖ ይህን ሲሰማ አገሳ። “አያችሁ! መዝጋት ማለት ይህ ነው! በሩ ይከፈት!” የታች በረት ከብት በአንድ ጊዜ ተነቃነቀ። በሩ ተገነጠለ። ደህናውና ያነከሰው፣ ጥጃውና ሽማግሌው ሳይለይ ሁሉም ተጋፍቶ ወደዚያው አንድ ውኃ ወረደ። ከፋቾቹ “ተገላገልን” አሉ።

ሳምንት ሳይሞላ ለሐጭ ከየአፉ ይወርድ ጀመር። ወይኖም ታመመ። እንዳለውም አልሞተም። ነገር ግን የበልግ ዝናብ ጥሎ መሬቱ ሲርስ እርሱ ከበረት ጥግ ተኝቶ ኮቴውን ይልስ ነበር፤ ሌሎቹ በሬዎችም እንዲሁ። የመጀመሪያው እርሻ አለፈ። ጥጆቹ ደግሞ አንድ በአንድ ወደቁ። የጠይሚት ጥጃ ሞተ። የእመት ቦራ ጥጃም ሞተ። በላይ በረት አጥር ውስጥ በሽታው እንዴት ገባ ሲባል፣ በየማለዳው ለላሞቹ ውኃ የሚያመላልሰው የታች በረት በሬ እንደነበር ታወቀ። በሩ ለሁሉም ተዘግቷል ሲባል እርሱ ግን ይገባና ይወጣ ነበር፤ ያለ እርሱ ላይ በረት አንድ ቀን አያድርምና።

ሁለተኛው ሸንጎ ሲጠራ ዘጊዎቹ “ስለከፈታችሁ ነው” አሉ፤ ከፋቾቹም “ስላስራባችሁን ነው” አሉ። አያ ዳልቻ አልተናገረም። እያነከሰ ወደ ላይ በረት መውጣት ጀመረ፤ ሁሉም ግራ ገብቶት ተከተለው። ከክምሩ ሥር ሲደርስ ቆመ።

“ይህ ሣር ከየት ታጨደ?”

“ከጨፌው” አሉ።

“ጨፌው የማን ነው?”

“የሁላችን።”

“እዚህ ድረስ ማን ጎተተው?”

ከላይ በረት የመለሰ የለም።

“ክርክራችሁ ስለ በሩ መስሏችሁ ነበር” አለ አያ ዳልቻ። “ስለ ድርቆሹ ነው። ቦራ ዝጉ ያለችው ክምር ስላላት ነው። ወይኖ ክፈቱ ያለው ጉልበት ስላለው ነው። ክምርም ጉልበትም የሌላቸው ጠይሚትና ጥጃዋ ግን ሲዘጋም ሲከፈትም ዋጋውን ከፈሉ። ድርቆሽ ሳታካፍሉ ብትዘጉ የራበው በሩን ይሰብረዋል። ደካማውን ሳትጠብቁ ብትከፍቱ ጥጃው ያልቃል። ሁልጊዜ የተዘጋ በር ግድግዳ ነው፤ ሁልጊዜ የተከፈተም ቀዳዳ ነው። በር የሚባለው በጊዜው የሚዘጋ፣ በጊዜው የሚከፈት ነው። ያንን ማድረግ የሚችለው ደግሞ ውስጥ ያለው ሁሉ የሚበላው ያለው መንደር ብቻ ነው።”

ወይኖ አንገቱን ደፋ። እመት ቦራ ግን ዝም ብላ አልቀረችም። “እኔ የፈራሁት ጥጃዬን እንዳላጣ ነበር፤ አጣሁት” አለች። “ክምሩን አጠራቅሜ ጥጃዬን አላዳንኩም። ከዛሬ ጀምሮ የጋራው ድርሻ ይለይ።”

በዚያው ቀን ደንብ ወጣ። በየኅዳሩ ከሚታጨደው ሣር አንድ ድርሻ ለወል ክምር ይቀመጣል፤ ክፉ ቀን ካልመጣ አይነካም። በሽታ ሲሰማ በሩ ከመዘጋቱ በፊት ድርቆሹ ይካፈላል። የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ቀን አስቀድሞ ይነገራል። ጥጆች፣ እርጉዞችና ሽማግሌዎች በቤት ይቆያሉ፤ የመጀመሪያው እቅፍም የእነርሱ ነው። ጉልበት ያላቸው በፈረቃ ይወጣሉ፤ ውኃ የሚጠጡትም በተለያየ ቦታ ነው። የታመመ ለብቻው ይቀመጣል፤ ይመገባል፤ አይሰደብም። ምግቡን የሚያጣና የሚሰደብ ሕመሙን ይደብቃል፤ የተደበቀ በሽታ ደግሞ በር አያግደውም። ውኃ የሚያመላልሰው በሬ ከሁሉም በፊት ይጠበቃል። ክትባት ሲመጣ ተራው በክምር ብዛት አይሆንም።

በሦስተኛው ዓመት አፍተግር ተመልሶ መጣ። ጥጃ አልሞተም ማለት አይደለም፤ ሞቷል። ነገር ግን በሩ ለ14 ቀን ተዘግቶ በ15ኛው ቀን ተከፈተ፤ በሬዎቹ ለእርሻ ደረሱ፤ ጠይሚትም መቀርቀሪያ አልሰበረችም።

ተረቱ ይህ ነው። ፍቺው ደግሞ የእኛው ታሪክ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቡርኪና ፋሶ በመጣ አንድ ጃፓናዊ ላይ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመም በአዲስ አበባ መገኘቱ ሲነገር፣ እኛም ዋንዛው ሥር ተሰበሰብን። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት መጨረሻ ላይ የአማራ ክልል ባሕር ዳርን፣ እንጅባራን፣ ቲሊሊንና አዲስ ቅዳምን ለ14 ቀን ዘጋ። መጋቢት 30 ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። ትንሣኤን ሚያዝያ 11 ብዙዎቻችን ቅዳሴውን ከቴሌቪዥን እየሰማን በየቤታችን አከበርን።

አገሪቱ ግን እንደ አንዳንድ የበለጸጉ አገሮች ሙሉ በሙሉ አልተዘጋችም። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ የሰጡት ምክንያት የጠይሚት ምክንያት ነበር፤ ብዙ ዜጎች የሚከተቱበት ቤት የላቸውም፣ ቤት ያላቸውም የዕለት ጉርሳቸውን በየዕለቱ ወጥተው ማግኘት አለባቸው። ይህ እውነት ነው፤ ውሳኔውም ከእውነት የተነሣ ነው። ሆኖም ግማሽ መዝጋትም ዋጋ አለው፤ ያ ዋጋ በማን ላይ እንዳረፈ መመርመር ይገባል።

አውቶቡሱ በግማሽ ወንበር እንዲጭን ሲታዘዝ ታሪፉ እጥፍ ሆነ። ባዶ የቀረውን ወንበር ሒሳብ የከፈለው የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው። ከጎጃም ገጠር ለቀን ሥራ ወደ ከተማ የሚወጣ ወጣት የሁለት ሰው ዋጋ ከፍሎ፣ ሲደርስ የቆመ ግንባታ ጠበቀው። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ሲርቁ ትምህርቱ በሬድዮና በቴሌቪዥን ይቀጥላል ተባለ። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ልጁን አስጠና፤ መብራት ያልገባበት ጎጆ ልጁን ከብት ጥበቃ አሰማራ። በክልላችን በአማራ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት የሚሰጣቸውን ከለላ ሲያጡ ያለዕድሜ የሚዳሩት በዙ፤ በመቶዎች የሚቆጠር ጋብቻ በሴቶች ጉዳይ ባለሙያዎችና በጎረቤት ጥቆማ መቋረጡ በወቅቱ ተነግሯል። በሽታው እምብዛም የማይጎዳቸው ልጆች ከፍተኛውን ዋጋ ከፈሉ።

በሌላ በኩል፣ “ጉንፋን ነው፤ ለምደን እንኑር” ያሉትም የሌላውን ዋጋ አላዩም። በአገራችን በምርመራ ተረጋግጦ የተመዘገበው ሞት ብቻ ከ7,500 በላይ ነው። አብዛኞቹ ሟቾች የቆየ ሕመም ያለባቸውና ዕድሜያቸው የገፋ ነበሩ። ጎረምሳው በሦስት ቀን ትኩሳት ሲያልፈው አያቱ ኦክሲጅን ፈልጋ ከሪፈራል ሆስፒታል በር ቆማለች። “እኔን አይገድለኝም” የሚለው ክርክር ከወይኖ አፍ የወጣው ነው፤ ስለ ራሱ እውነቱን ተናገረ፤ ስለ ጥጃው ግን አልተናገረም።

ዓለምም ሁለት በረት ነበራት። የበለጸጉ አገሮች ከሕዝባቸው ቁጥር የሚበልጥ ክትባት አስቀድመው ሲገዙ፣ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ኢትዮጵያ በዓለም አቀፉ የክትባት ማዳረሻ በኮቫክስ በኩል የመጀመሪያውን 2.2 ሚሊዮን ክትባት የተቀበለችው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ክትባቱ መሰጠት የጀመረው መጋቢት 4 ነበር፤ የመጀመሪያው ሕመም በተገኘ ልክ በዓመቱ። ክምር ያለው እስኪጠግብ የሌለው ይጠብቅ ተባለ፤ ቫይረሱ ግን አልጠበቀም፤ መልኩን እየለዋወጠ ተመልሶ ወደ ባለክምሮቹ ገባ።

በኋላ በሩን የከፈትነው ተመካክረን ሳይሆን ደክመን ነው። ማስኩ ከአፍንጫ ወደ አገጭ፣ ከአገጭ ወደ ኪስ ወረደ። የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የኮሮና ድንገተኛ አደጋነት ማብቃቱን ሲያሳውቅ ብዙዎቻችን ጉዳዩን ረስተነው ነበር። ይህ ለምዶ መኖር አይባልም። ለምዶ መኖር ምን እንደሚመስል አባቶቻችን አሳይተውናል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በየዓመቱ ኅዳር 12 ጥራጊ እየጠረጉ ማቃጠል ልማድ ሆነ። ጭሱ ይረዳል አይረዳም የሚለው ሌላ ነገር ነው። ቁም ነገሩ ያ ትውልድ ከመከራው ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ የጋራ ሥራ ማስቀረቱ ነው። እኛ ከኮሮና ምን የጋራ ሥራ አስቀረን?

ያስቀረነው ጅምር አለ። በ2012 ዓ.ም. ማዕድ እናጋራ ተብሎ ዱቄትና ዘይት በየቀበሌው ተሰበሰበ፤ የቤት ኪራይ የማሩ አከራዮች ነበሩ፤ በየሰፈሩ በር ላይ የእጅ መታጠቢያ ያቆሙ ወጣቶች ነበሩ። ያ የወል ድርቆሽ ነው። ችግሩ ክምሩ የተጀመረው በሽታው ከደረሰ በኋላ መሆኑ፣ ሲያልፍም መበተኑ ነው። ቸርነት በእያንዳንዱ ሰው ልብ ላይ ተመሥርቶ 14 ቀን ይዘልቃል፤ ሁለተኛው ማዕበል ሲመጣ ግን ደንብ ያስፈልገዋል።

ደንብ ማውጣት ለጎጃም አዲስ አይደለም። ደቦና ወንፈል አለን፤ ጉልበት ያነሰው ገበሬ ማሳው ጦም እንዳያድር ጎረቤት ወጥቶ ያርስለታል። እድር አለን፤ በየወሩ እየከፈልን ለሞታችን ቀን እናስቀምጣለን። ከዚያው ከእድሩ ገንዘብ ጥቂቱ “ለሁላችንም ደህንነት ስትል ቤትህ ቆይ” ለምንለው ለሕያው ሰው ቢቀመጥስ? ጀበና ጥዳ ቡና የምትሸጠው እናት፣ ሊስትሮው፣ ኩሊው፣ የጋሪ ነጂው በሽታ ሲሰማ ለ14 ቀን የሚበሉትን ማን እንደሚሰጣቸው ዛሬ በስም ቢጻፍስ? ወረዳውና ክልሉ በጀት ሲያወጡ ለዚያች ቀን የሚሆን እህል በመጋዘን ቢያኖሩስ? ትምህርት ቤት ከሁሉም በኋላ እንዲዘጋና ከሁሉም በፊት እንዲከፈት አሁን ቢወሰንስ?

ቀጣዩ በሽታ መምጣቱ አይቀርም፤ የሚያከራክረን ጥያቄም ያው ነው፤ እንዝጋ ወይስ ለምደን እንኑር? ያን ጊዜ ዝጉ የሚል ሁሉ ለተዘጋበት ሰው ምን እንደሚያካፍል አብሮ ይናገር። ክፈቱ የሚልም ደካማውን እንዴት እንደሚጠብቅ አብሮ ይናገር። ይህን ሳይናገር የሚከራከር ሰው የሚከራከረው ለራሱ ሆድ ነው፤ ሸንጎውም ቃሉን በዚያው ልክ ይመዝንለት። ድርቆሹ የሚከመረው ደግሞ ሣሩ ሳለ፣ አገር ደህና ሳለ ነው፤ ማለትም አሁን።